በምሳ ዕቃው ሳቁበት፣ የዓለም ባህል ቀን ደግሞ ደርሷል

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የዩኬጂ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ክፍሌ ውስጥ የሌለ የለም። ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች አሉ። ኤርትራውያን አሉ። አባቷ የመናዊ የሆነች ልጅም አለችኝ።

ትምህርት ቤታችን ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ «የዓለም ባህል ቀን» ያከብራል። ዳይሬክተሯ ለእያንዳንዱ ልጅ አገር አድላለች። አንዱ ጃፓን፣ አንዷ ሜክሲኮ፣ አንዱ ደግሞ «አፍሪካ» ደርሶታል። ወላጆች ልብስ ይከራያሉ። ልጆቹ ባንዲራ ይዘው በእንግሊዝኛ አራት መስመር በቃላቸው ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከሞቃዲሾ በቅርቡ የመጣ ልጅ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። ሩዝ ነው፣ ከጎኑ ሙዝ አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ «ኤጭ! ሙዝ በሩዝ!» ስትል ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ተቆጣኋቸው፣ ዝም አሉ። እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ዕቃውን አይከፍትም። «አልራበኝም» ይላል። እናቱ አማርኛ ብዙም አትችልም። የምታመጣውና የምትወስደው እህቱ ናት።

ለዳይሬክተሯ ስነግራት «እናቱ የሶማሌ ልብስ ለብሳ ትምጣና ታስተዋውቅ» አለችኝ። ልጁ ይብስ እንዳይሸማቀቅ ፈራሁ። በሌላ በኩል አንዲት እናት በመገናኛ ደብተር ላይ «ልጄን የሌላ ሃይማኖት በዓል እንዳታስተምሩብኝ» ብላ ጽፋ ልካለች። እኔ ራሴ ደግሞ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ስለ ዓለም ምን አውቄ ላስተምር? የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ምን ይሻለኛል?

ሚስ ነኝ፣ ከቦሌ ሚካኤል

* * *

ውድ እህቴ፣

ብዙ ነገር ነው የጠየቅሽኝ። እኔ በልጁ ልጀምር። ባንዲራውም ልብሱም ሦስት ሳምንት ይጠብቃሉ፣ የልጅ ሆድ ግን አይጠብቅም።

ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ምንም ንግግር አታድርጊ። ቦታ ብቻ ቀይሪ። እሱ ተለይቶ የተነሣ እንዳይመስል ሌሎች ሁለት ሦስት ልጆችንም አብረሽ አቀያይሪ። ሜዳ ላይ አብሮት የሚሮጥ ልጅ አጠገቡ ይሁን። አንቺም ምሳሽን ይዘሽ እዚያው ጠረጴዛ ተቀመጪ። «ክፈት፣ ብላ» እያልሽ አትለምኚው፣ የሁሉም ዓይን እንደገና እሱ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያ ቀን ሙዙን ብቻ ቢበላ ይበቃል።

እህቱ ልትወስደው ስትመጣ ግን ለእናቱ መልእክት ላኪ። ምሳ ዕቃው ሙሉውን ሲመለስላት «ልጄን አሞት ይሆን?» እያለች ሊሆን ይችላል። አንድ አደራ አለኝ። «ለጊዜው ፓስታ ይላክለት» እንዳትይ። ደግነት ይመስላል። ልጁ ግን የቤቱ ምግብ ተደብቆ የሚበላ ነገር መሆኑን ይማርበታል። እናትየው ራሷ ልቀይር ካለች የእሷ ውሳኔ ነው።

«ኤጭ» ባለችው ልጅም አትፍረጂባት። የአምስት ዓመት ልጅ ያልለመደውን ምግብ ሲያይ ፊቱን ማጨማደዱ ያለ ነው። እቤቷም ጎመን ሲቀርብላት እንደዚሁ ትል ይሆናል። መቆጣትሽ አይገርመኝም። ከቁጣው የተማሩት ግን ሚስ እየሰማች እንዳይሉት ብቻ ነው። ስለዚህ በምትኩ የሚሉት ነገር ስጫቸው። «በእኛ ክፍል ምግብን ኤጭ አንልም፣ አልለመድኩትም እንላለን» በያቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይበሉት፣ ዜማ ብታበጂለት ደግሞ አይረሱትም።

ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ እንደ ዋዛ ጠይቂያቸው። ሙዝ ከምን ከምን ጋር ይበላል? ሙዝ በዳቦ ያልበላ የአዲስ አበባ ልጅ ካገኘሽ ንገሪኝ! በዳቦ፣ በአጃ፣ በወተት እያሉ ይደረድሩልሻል። ሩዙ ላይ ራሳቸው ሲደርሱ «አዎ፣ በሶማሌ ቤት ሩዝ ሲቀርብ ሙዝ ከጎኑ መቀመጡ የተለመደ ነው፣ ቅመም ያለበትን ሩዝ ከጣፋጩ ሙዝ ጋር እየቆረሱ ይበሉታል» በይና እለፊው። ልጁን ዞር ብለሽ አትዪው። ያንን ያህል ብቻ ይሰማ።

ስለ መሳቅና ስለ መሳለቅ በግልጽ ማውራት ስትፈልጊ ደግሞ አሻንጉሊት ይረዳሻል። በደቡብ አፍሪካና በሌሎች አገሮችም የሕፃናት መምህራን የሚሠሩበት ዘዴ ነው። አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት ይዘሽ ትመጫለሽ። ስም፣ ቤተሰብ፣ የምትወደውና የምትፈራው ነገር ትሰጫታለሽ። «ሚሚ ትባላለች። ከጅቡቲ ነው የመጣችው። ውሻ ትፈራለች፣ ኳስ ትወዳለች» እያልሽ። ለጥቂት ቀን እንዲሁ ደስ ብሏት ትምጣ፣ ይላመዷት። ከዚያ አንድ ቀን አዝና ትመጣና በጆሮሽ ታንሾካሹክልሻለች። «ጫማዬን አይተው ሳቁብኝ» ትላለች። ጫማ ወይም ፀጉር ይሁን እንጂ ምግብ እንዳታደርጊው፣ ልጁ ነገሩ ወደ እሱ መሆኑ ይገባዋል። «ምን እንበላት?» ብለሽ ዝም በይ። አንዱ «ትምታቸው!» ይልሻል፣ እሱ አይቀርም። ትንሽ ከጠበቅሽ ግን «ከእኔ ጋር ትቀመጥ» የምትል አንዲት ልጅ አትጠፋም።

ወደ በዓሉ እንምጣ። «አፍሪካ» የደረሰውን ልጅ ሳነብ መሳቄ አልቀረም። የ55 አገሮች ኅብረት በተቀመጠበት ከተማ አንድ ሕፃን አህጉሩን በሙሉ ተሸክሞ መድረክ ሊወጣ ነው! ሕዳር 29ን ትምህርት ቤት ውስጥ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ልብሱ ያሳክካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ልጁ ከመድረክ ወርዶ «ምን ሆነህ ነበር?» ሲባል ትከሻውን ይነቀንቃል።

ነገሩ የሕፃናቱ ዕድሜ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ድሬዳዋና ጃፓን እኩል ሩቅ ናቸው። ካርታ ገና ሥዕል ነው። በደንብ የሚገባው በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መብላት፣ መተኛት፣ መታዘል፣ መጫወት፣ ሰላም ማለት። ስለዚህ አገር አታከፋፍይ። ሁሉም ቤት የሚያደርገውን አንድ ነገር ያዥና የተለያየ ቤት እንዴት እንደሚያደርገው አሳዪያቸው። መጀመሪያ ክፍልሽ ውስጥ ካሉት ቤቶች ጀምሪ፣ ወደ ሩቁ ከዚያ ትሄጃለሽ።

ማዘልን ውሰጂ። የአንዱ ልጅ አያት አንቀልባ ይዘው ይምጡ፤ እውነተኛውን፣ የቆዳውን፣ ዛጎል የተደረደረበትን። ልጆቹ ይንኩት፣ ያሽትቱት። ቆዳው ይሸታል፣ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። አያትየው አንዷን አሻንጉሊት ጀርባቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጠፍሩን በደረታቸው አዙረው ሲያስሩ ያሳዩ። ከዚያ ልጆቹ በየተራ በአንቀልባውም በነጠላም ይሞክሩ። ወንዶቹም ይዘሉ! የኬንያና የታንዛኒያ እናቶች በካንጋ ጨርቅ እንደሚያዝሉ፣ በፔሩ ተራሮች ያሉ እናቶች በደማቅ ሽምን ጨርቅ እንደሚያዝሉ በፎቶ አሳዪያቸው። አሁን ፔሩ የምትባለው ቦታ ልጅ የሚታዘልባት አገር ሆነች። ባንዲራዋን ባያውቁትም ምንም አይደል።

ጨዋታም አለ። ቅልልቦሽን በአምስት ጠጠር የኮሪያም የቱርክም ልጆች ይጫወቱታል። ሕጉ ትንሽ ይለያያል፣ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሮ መቅለቡ ግን ያው ነው። ግቢ ውስጥ ጠጠር ሞልቷል፣ ኪራይ የለውም። እናቶቹን አስቀምጠሽ ከልጆቻቸው ጋር አጫውቺያቸው። እንዳረጁበት የሚያስቡት ጨዋታ እጃቸው ላይ እንዳለ ሲያዩ የሚሆኑትን ታያለሽ።

ምግብ ላይ ደግሞ ለአንቺ ክፍል የተሠራ የሚመስል ነገር አለ። እንጀራ ዘመድ አለው። ሶማሌዎች አንጄሮ አላቸው፣ የመኖች ላሑሕ አላቸው። ሁለቱም ቡኮው ይቦካል፣ ሲጋገርም ዓይን ያወጣል። ከእኛው ያንሳሉ፣ ይሳሳሉም። አንጄሮን ቁርስ ላይ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ከሻይ ጋር ይበሉታል። የኤርትራዎቹ ጣይታ እንጀራው ራሱ ነው። ሕንዶች ሩዝና ጥራጥሬ አቡክተው ዶሳ ይጋግራሉ። እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ልጆቹ ዓይኑን ይቁጠሩ፣ ይቅመሱ። በዓላችሁ የሚውለው በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ ቅቤ አይግባበት። ሥጋ ጨርሶ ይቅር። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ነገር መቼም የታወቀ ነው፣ ለሕፃናት በዓል ሲባል እዚያ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ለውዝና ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ እንዳለም አስቀድመሽ ጠይቂ።

«ከአገር ወጥቼ አላውቅም» ብለሻል። የክፍልሽ ወላጆች ግን ወጥተዋል። አስቢ እስኪ፣ በየሳምንቱ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር አባት የለም? አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እናት የለችም? ቤይሩት የኖረች ከሆነ አረብኛ ትናገራለች፣ ታቡሌ ትሠራለች፤ እሱም የጾም ነው። እንዲህ ያለችውን እናት «ምን ታውቃለች» ብሎ የጠየቃት ሰው ላይኖር ይችላል። ግን ብቻዋን ጠይቂያት። ያ ዘመን ለብዙዎቹ ክፉ ትዝታም አለበት፣ «ባይሆን ይሻላል» ካለች አትጫኚያት።

ዋሽንግተን አክስት ያለችው ልጅም አይጠፋም። በቪዲዮ ለመደወል አትሞክሪ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በዚህ ወቅት እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አክስትየዋ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትላክ። ጠዋት ጃኬቷን፣ ጓንቷን፣ ኮፍያዋን ስትለብስ ትተርክላቸው። መልእክቱን ስታሰሚያቸው «አሁን አክስቱ ምን እያደረገች ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ተኝታለች ሲባሉ አያምኑሽም። ፀሐይዋ እኮ ወጥታለች!

ቦሌ ላይ ስለሆንሽ የከተማዋን ታሪክም እዚህ አስገቢ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ወላጆቻቸውን ያጡ 40 የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። ያመጧቸው ራስ ተፈሪ ናቸው። ልጆቹ የሙዚቃ መሣሪያ ይነፉ ነበር፣ እዚህም የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» ተባሉ። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህንን እንደ ተረት መንገር ይቻላል። ከሩቅ አገር መጡ፣ ቋንቋ አያውቁም፣ መለከት ይዘዋል። ከዚያ በካርቶን ጥቅል መለከት ሠርተው ግቢውን ይዙሩበት። ያ ልጅም እንደ እሱ ከሩቅ የመጡ ልጆች እዚህ ከተማ እንደነበሩ ይሰማል።

አሁን የእናቱ ነገር። ዳይሬክተሯ «ለብሳ ትምጣ» ያለችው በክፋት አይመስለኝም። ግን ልጁ በተሳቀበት ማግስት እናቱ ለብቻዋ ለትዕይንት ብትቆም ያስፈራል። ፍርሃትሽ ትክክል ነው። መፍትሔው ተራ ነው። እሷ የመጀመሪያዋ አትሁን። አያትየው በአንቀልባቸው ይምጡ፣ የጅቡቲው ሹፌር ይምጣ፣ የግቢው ጥበቃም ይግባ። የክፍሉ ልጆች የሰው ወላጅ መጥቶ ማየት ሲለምዱ የእሱ እናት ከብዙዎቹ አንዷ ትሆናለች። ከዚያ በፊት ግን ልጁን ራሱን ለብቻው ጠይቂው። «እማማ መጥታ የሆነ ነገር ብታሳየን ደስ ይልሃል ወይስ ሌላ ጊዜ ይሁን?» በይው። ሌላ ጊዜ ካለ ሌላ ጊዜ ነው።

እናትየውን ደብዳቤ ልከሽ አትጥሪያት። አንቺ ሂጂ። እህቲቱ ልጅ ከሆነች የአዋቂ ነገር አታሸክሚያት። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ሶማሊኛም አማርኛም የሚችል አዋቂ ሞልቷል። በር ላይ «ኢስካ ወራን» በያት፣ እንዴት ነሽ እንደማለት ነው። የቀረውን አስተርጓሚው ይጨርስልሽ። «ልብስ ለብሰው ይምጡ» አትበያት። «ለልጆቹ ምን ቢያሳዩ ደስ ይልዎታል?» በያት። ማን ያውቃል፣ ነርስ ትሆናለች፣ ልብስ ሰፊ ትሆናለች። ስልኳ ላይ የሞቃዲሾን ባሕር ዳርቻ ፎቶ ልታሳይ ትችላለች። ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆች ከዚያ የበለጠ ምን አለ? ወይም ልጇን የምታስተኛበትን እሹሩሩ ድምፅ ቀርጻ ትስጥሽ። ለእሱ መምጣትም አያስፈልጋትም። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ጋደም ሲሉ አንድ ቀን የእሷን፣ አንድ ቀን የወላይታዋን እናት፣ አንድ ቀን የየመናዊውን አባት ታሰሚያቸዋለሽ።

በደብተር ለጻፈችው እናት በደብተር አትመልሺ። ጽሑፍ ፊት የለውም፣ ነገር ያከራል። ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ሻይ ጋብዣትና «ምን አሳስቦዎት ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሱ ካሰብሽው የለሰለሰ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ልጇ የሌላ ሃይማኖት ጸሎት እንዳትደግም ብቻ ነው የፈራችው። ያ ደግሞ ተገቢ ነው። በግልጽ ንገሪያት፣ ማንም ልጅ ጸሎት አይደግምም፣ መዝሙርም መንዙማም አይዘምርም። «የእነ እገሌ ቤት በዓል ሲሆን እንዲህ ይበላል» ማለት ግን ይኖራል። እሷ ጾመኛ ከሆነች ደግሞ ሥራ ስጫት። «ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ሁሉ የጾም መሆኑን እርስዎ ያረጋግጡልን» በያት። በጥርጣሬ የመጣ ሰው ኃላፊነት ሲሰጠው ሐሳቡ ሌላ ይሆናል። አሁንም «አልፈልግም» ካለች ልጇ በዚያ ሰዓት ቅልልቦሽ ጋ ትሁን።

የቀረችው ዳይሬክተሯ ናት። «ይሄ ልክ አይደለም» ብለሽ ከገባሽ ተሸንፈሽ ትወጫለሽ። እሷ የምትፈልገው ምንድን ነው? ደስ ያለው ወላጅና ለትምህርት ቤቱ ገጽ የሚሆን ፎቶ። ሁለቱንም ስጫት። ስሙን አትንኪ፣ ቀኑን አትንኪ፣ ወላጅ እንግሊዝኛ መስማት ስለሚወድ አንድ የእንግሊዝኛ መዝሙርም ይኑር። መድረኩን ግን በአራት ማዕዘን ተኪው። አንዱ ጋ ማዘል፣ አንዱ ጋ ቅልልቦሽ፣ አንዱ ጋ የእንጀራ ዘመዶች፣ አንዱ ጋ ሰላምታ። ወላጅ ከልጁ ጋር እየዞረ ይሞክራል። የልብስ ኪራይ እንደሚቀር ስትነግሪያት ወላጆች እንደሚያመሰግኗት ጨምሪበት። ሃያ ሕፃን አሻንጉሊት አዝሎ የተነሣው ፎቶ ደግሞ ከየትኛውም ባንዲራ ይበልጣል።

እምቢ ብትልስ? ልትል ትችላለች፣ ኪራዩ ተከፍሎም ይሆናል። ያን ጊዜ ለአንድ ቀን ልብስ አትጣዪ። የእሷ ቀን እንዳለ ይሁን፣ የአንቺ ክፍል ግን ሦስቱን ሳምንት በዚህኛው መንገድ ይሥራ። በዓሉ ግማሽ ቀን ነው፣ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ የአንቺ ነው።

ዛሬ ማታ የምትጀምሪው ለሁሉም ወላጅ በሚሄድ አጭር ወረቀት ነው። «ባህላችሁ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሰው ይጨንቀዋል። እነዚህን ጠይቂ። ልጅዎን ሲያስተኙ ምን ይሉለታል? ልጅ ሳሉ ምን ይጫወቱ ነበር? ቤተሰብዎ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ወይም ሩቅ የሄደ ሰው አለ? መጻፍ ለማይመቸው ወላጅ «በድምፅ በቴሌግራም መላክ ይቻላል» በይ። ሶማሊኛውንና አረብኛውን የሚያስተረጉምልሽ ሰው ፈልጊና ከአማርኛው ሥር ይታተም። ለሁሉም እኩል ይሂድ፣ «ለውጭዎቹ» ብቻ እንዳትልኪው። መልሱ መምጣት ሲጀምር ጻፊልኝ፣ የትኛውን ቤት በየትኛው ቀን ብናደርግ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።